ላረጀው ውሻዬ የገዛሁት ማንሻ ቀበቶ፦ ለወራት ከተገለገልኩበት በኋላ

ነብሮ አሥራ ሦስት ዓመቱን ጨርሷል። 34 ኪሎ ይመዝናል፤ እኔ 56። የኋላ እግሮቹ መድከም ሲጀምሩ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ ባለቤቴ ሥራ በሚውልበት፣ ልጄ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ይህን የሚያህል ውሻ ብቻዬን ከወለል እንዴት አድርጌ ነው የማነሳው? መልስ የሆነልኝ ማንሻ ቀበቶ ነው። የሚሸጠው ሃርነስ በሚለው ስም ነው፤ ግን ለሽርሽር ከሚታሰረው ይለያል። ፊትና ኋላ እጀታ አለው፣ የተሠራውም ለመጎተት ሳይሆን ለማንሳት ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ላረጀ ውሻ ብዬ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ እንደዚህ የጠቀመኝ የለም። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው፣ ውሻው ከተኛበት ለመነሳት ሲቸገር ካየ፣ ሳይውል ሳያድር ይግዛው እላለሁ። ግን ቀበቶው የሚረዳው ሕመሙ የታከመለትን ውሻ ነው። የሚያመውን ዳሌ ሳያሳክሙ ጎትቶ ማቆም ለእንስሳው ሥቃይ እንጂ እርዳታ አይሆንም። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ቀበቶው ብቻ ሊሆን አልቻለም።

መጀመሪያ ዕቃውን ላሳያችሁ። ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ደረትና ትከሻ ላይ ይውላል፤ ማሰሪያዎቹ ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ሥር ዞረው ጎን ላይ በፕላስቲክ ዘለበት ይቆለፋሉ። የኋለኛው ዳሌን ያቅፋል፤ በእያንዳንዱ ጭን ዙሪያ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ በስስ ስፖንጅ የተለበጠ ማሰሪያ ያልፋል። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኛቸው በጀርባው ላይ የሚዘረጋ፣ ሊያጥርም ሊረዝምም የሚችል ጠፍር ነው። አንዱ እጀታ ከትከሻው መሃል፣ ሌላው ከጭራው ከፍ ብሎ ይገኛል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቀለል ያለው ዓይነት ሆድ ሥር የሚያልፍ አንድ ሰፊ ጨርቅ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ ላይ ትስባላችሁ። ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግም ውሻ፣ በቂ ነው፤ ትልቅ ፎጣም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለዘወትር ግን አልወደድኩትም። ሲሳብ ሆድንም ፊኛንም ይጫናል፤ ሽንቱን መያዝ የከበደው ሽማግሌ ውሻ በር ሳይደርስ ያመልጠዋል። ወንድ ከሆነ ጨርቁ ብልቱ ላይ ስለሚያርፍ ሲሸና ይበሰብሳል። ዳሌን የሚያቅፈው ግን ሆዱን ነፃ ይተውለታል፣ ውሻው ሽንቱንም ዓይነ ምድሩንም ቀበቶው ሳይወልቅ ይወጣል። ለወንድና ለሴት የተለያየ ቅርጽ ያለው የኋላ ክፍል የሚያቀርቡ አምራቾች አሉ። ወንድ ውሻ ያላችሁ ማሰሪያው ብልቱን የማይነካ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሁን ወደ አነሳሱ። ጠዋት ነብሮ ነቅቶ ራሱን ቀና እስኪያደርግ እጠብቃለሁ። ጆሮው ስለከበደ ስጠራው አይሰማኝም፤ ከኋላው መጥቼ ድንገት ብነካው ይደነግጣል። ስለዚህ ከፊቱ ተንበርክኬ እጄን አፍንጫው አጠገብ አደርግለታለሁ። ካሸተተኝ በኋላ ወደ ጎኑ እዞራለሁ፤ የኋለኛውን ክፍል አጥልቄለት፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ የኋላውን እጀታ እይዝና በሌላው እጄ የመነሻውን ምልክት አሳየዋለሁ። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይተክላል። መታገስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ትከሻው ይወጠራል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ላይ የምስበው፣ እሱን የጎደለውን ያህል ብቻ። አልገፋውም፣ ወደ ጎንም አልስበውም። ከቆመም በኋላ ወዲያው አልለቀውም። ሁለቱም የኋላ መዳፎቹ በትክክል መሬት መርገጣቸውን፣ አንዱ ተገልብጦ በጀርባው አለመቆሙን አይቼ ነው እጄን የማላላው። ከዚያ ሰውነቱን ከራስ እስከ ጭራ ያራግፋል፣ እጀታው መዳፌ ውስጥ ይርገበገባል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ እግሩን ያላመነ ውሻ አያራግፍምና።

የጎደለውን ያህል ብቻ የምስበው፣ የማልሸከመው በምክንያት ነው። ያረጀ ውሻ ጡንቻው በራሱ ይሟሽሻል፤ ያልሠራበት ደግሞ ይበልጥ ይሟሽሻል። እጀታውን ይዞ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ የሚወስድለት ሰው የቀረችውንም ጉልበት ያሳጣዋል። ልጄ አንድ ቀን ከጎኔ እየሄደች፣ «እማዬ፣ ላላ አድርጊለት፣ እግሩ እኮ አየር ላይ ነው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ መዳፎቹን እያየሁ ነው የምሄደው። አካሄዱንም ለውጠነዋል፤ አንድ ረጅም ሽርሽር በነበረበት አሁን አጫጭር መውጣቶች አሉ። ነብሮን የምታክመው የእንስሳት ሐኪምም የምትመክረው ይኼንኑ ነው፦ መገጣጠሚያው ሳይደነድን፣ ጡንቻውም ሳይዝል።

ደረጃ ላይ ነገሩ ይለያል። ሲወጣ የሚቸገረው የኋላው ነው፤ የኋላውን እጀታ ይዤ ከኋላው እከተላለሁ። ሲወርድ ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስለዚህ የፊቱም እጀታ መያዝ አለበት። ለእኔ ቁመት ሁለቱን እጀታዎች አንድ ላይ መያዝ ጀርባ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። የእጀታው ማራዘሚያ አብሮ የሚመጣበትን ዓይነት ምረጡ የምለው ለዚህ ነው፤ ቁመታችሁ ረጅም ከሆነ ወይም ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ያለ ማራዘሚያ አትግዙት።

ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ግምገማ አይሆንም። ትልቁ ጉድለት ብሽሽቱ ላይ ነው። እዚያ ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ ማሰሪያው ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ይፈገፍገዋል። አምራቾች ቀኑን ሙሉ ሊለበስ ይችላል ይላሉ፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ሲተኛ የኋለኛውን ክፍል አወልቅለታለሁ፣ የፊተኛውን ብቻ ነው የምተውለት። በየማታው ጭኖቹን ከፍቼ ብሽሽቱንና ብብቱን በእጄ እዳስሳለሁ። ቀይ የሆነ፣ የሞቀ ወይም እርጥብ ቦታ ካገኘሁ በማግስቱ ማሰሪያው ሥር ለስላሳ ጨርቅ አደርጋለሁ። ዘለበቶቹም ደካማ ናቸው። የእኔው የአንደኛው ጥርስ ተሰንጥቆ ልክ ሳነሳው ተከፈተ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ነብሮ ምንጣፍ ላይ ነበር። ተነጥሎ የሚሸጥ መለዋወጫ ዘለበት ያለውን መግዛት ይሻላል። ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) የበዛበትን አይነት ደግሞ ፀጉረ ረጅም ውሻ ላላቸው አልመክርም፤ ፀጉር ይነቅላል፣ ሲታጠብ ሲታጠብም መያዙን ይተዋል።

ሕመሙን አነሳለሁ ብዬ ነበር። ነብሮ አልቅሶም ጮኾም አያውቅም። ብዙ ሰው ውሻው ካልጮኸ አያመውም ብሎ ያስባል፤ ውሻ ግን የቆየ ሕመምን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሸከመው። የሚታየው በሌላ ነው። ሶፋ ላይ መዝለሉን ይተዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ እንደ ጥንቸል ያነሳል፤ አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል፤ ሳይሮጥና ሳይሞቀው ያለከልካል፤ ወገቡን ሲነኩት ዞሮ ያያል። ነብሮ አብዛኞቹን ያሳይ ነበር። ራጁ ላይ የሁለቱም ዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ታየ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያለችው ስለ መድኃኒት አልነበረም። «ክብደቱን እንቀንስለት፣ ግማሹ ሕክምና እሱ ነው» ነበር ያለችው። ያኔ 38 ኪሎ ነበር። በነገሩ ላይ የታወቀ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። 48 የላብራዶር ዝርያ ውሾችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከቡችላነት እስከ ዕድሜ ልካቸው ሲከታተሉ፣ ከየጥንዱ አንዱ ጓደኛው ከሚበላው 25 በመቶ ቀንሶ ነበር የሚበላው። ትንሽ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ዕድሜ ኖሩ፣ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። እኛም የነብሮን ምግብ በሚዛን መስጠት ጀመርን፣ ከማዕድ የሚጣልለትንም አቆምን። 38 የነበረው 34 ሲሆን የመጣው ለውጥ እኔንም አስገርሞኛል፤ እጀታው ላይ የሚሰማኝ ክብደት ያው አራት ኪሎ ብቻ የቀነሰ አይመስልም፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የሚያነሳው ድርሻ ጨምሯል።

መድኃኒቱ ለውሻ ተብሎ የተሠራ የብግነት ማስታገሻ ነው። ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። ጉበትና ኩላሊት ላይ ጫና ስላላቸው ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል፣ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። ሲያስታውክ፣ ምግብ እምቢ ሲል ወይም ዓይነ ምድሩ ሲጠቁር መድኃኒቱን አቁሞ ለሐኪም መደወል ነው። ከኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አይሰጥም። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው፦ በቤታችሁ ያለውን የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሲን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ያበላሻሉ፤ አንድ ክኒንም ለትንሽ ውሻ ብዙ ነው። ክኒኑን በለውዝ ቅቤ ሸፍናችሁ የምትሰጡም ማሸጊያውን አንብቡ፤ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ለውሻ መርዝ ነው።

በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌም አለ፣ ቤዲንቬትማብ ይባላል። የሕመም ስሜት የሚያስተላልፈውን የነርቭ እድገት ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእንስሳት ሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ፣ መርፌው ከተሰጣቸው ውሾች መካከል የመንገዳገድና የሚጥል በሽታ ዓይነት ችግሮች መመዝገባቸውን አሳውቋል። ብዙ ውሾችን የረዳ መድኃኒት ነው፣ ግን ነብሮ ቀድሞውኑ ስለሚንገዳገድ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረን በክኒኑ ቀጠልን።

ሁሉም የኋላ እግር ድካም ግን የመገጣጠሚያ ሕመም አይደለም። ከነርቭ የሚመጣም አለ፤ የአከርካሪው ነርቭ ቀስ በቀስ እየሞተ የሚሄድበት፣ ራሱ የማያም በሽታ። ምልክቱ የኋላ መዳፍ መጎተት ነው። ጥፍሮቹን ተመልከቱ፤ የመሃለኞቹ ሁለቱ ከላይ በኩል እንደ ተሞረዱ ሆነው ካለቁ እየጎተተ ነው ማለት ነው። ሐኪሟ ያሳየችኝ ሌላም አለ። ውሻው ቆሞ፣ ሰውነቱን ደግፋችሁ፣ አንዱን የኋላ መዳፍ ገልብጣችሁ በጀርባው መሬት ታስነካላችሁ። ጤነኛ ነርቭ ያለው ውሻ ወዲያው ያቃናዋል። እንደተገለበጠ የሚተወው ወይም ዘግይቶ የሚያቃናው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ ለቀበቶ ምርጫም ይጠቅማል፦ መዳፍ ለሚጎትት ውሻ ቀበቶው ብቻ አይበቃም፣ መዳፉን የሚሸፍን ጫማም ያስፈልገዋል።

ቀበቶ ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን አስተካክሉ። ይህን ከምንም በላይ የማምንበት ጉዳይ ነው። ሴራሚክና የተወለወለ እንጨት ላረጀ ውሻ በረዶ ማለት ነው። አንዴ እግሩ የተንሸራተተበት ውሻ መውደቁን ይፈራል፣ ፈርቶ ይገተራል፣ የተገተረ ጡንቻ ደግሞ ይበልጥ ያንሸራትተዋል። እኛ ከመኝታው እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ በሩ ጎማ የተለበጠ ምንጣፍ ዘረጋን። ጠቅላላ ቤቱን ማልበስ አያስፈልግም፤ መንገዱ ሳይቋረጥ መድረስ ያለበት ቦታ መድረሱ ነው ዋናው። ነብሮ አሁን ከምንጣፉ ወጥቶ አይሄድም፣ መታጠፊያው ላይ እንኳ ምንጣፉን ተከትሎ ነው የሚዞረው። ከዚህ ጋር ጥፍሩን ማሳጠር፣ በመዳፉ ጉብጉብታዎች መካከል ያደገውንም ፀጉር መከርከም ይገባል፤ ፀጉሩ ጉብጉብታውን ከሸፈነ ጎማ ላይም ቢሆን ይንሸራተታል። መሬት የማይነካው የጎን ጥፍር ራሱ ስለማያልቅ ጠምዞ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ እሱን አትርሱት። ካልሲ ሞክረን ነበር፤ ይዞራል፣ የማያንሸራትተው ጎን ወደ ላይ ይመጣል። ጥፍር ላይ የሚገቡት የጎማ ቀለበቶች ይሻላሉ፣ ግን መዳፉን የማያስነካ ውሻ ላይ ማስገባቱ ከባድ ነው።

መኝታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሜሞሪ ፎም (የተኛበትን ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ) የሚል ጽሑፍ አትመኑ፤ በክርናችሁ ወይም በጉልበታችሁ ተጫኑት። ወለሉ ከተሰማችሁ ለ34 ኪሎ ውሻ ስስ ነው። ለትልቅ ውሻ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከሽፋኑ ሥር ውሃ የማያስገባ ልባስ ያለው፣ ሽፋኑም ወልቆ የሚታጠብ ይሁን። ጠርዙ ከፍ ያለው ያምራል፣ ያረጀ ውሻ ግን ተሻግሮት ለመግባት ይቸገራል። ከተኛበት ብዙ የማይነሳ ውሻ ካላችሁ በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት፤ ክርንና ዳሌ ላይ የሚወጣ ቁስል አንዴ ከጀመረ ለመዳን እጅግ ይከብደዋል።

መኪና ላይ መወጣጫው ራምፕ ርዝመቱን እዩለት። የመኪናው ወለል ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ የ1.80 ሜትር ራምፕ ወደ 20 ዲግሪ ተዳፋት ይሰጣል፤ አጭሩ፣ የ1.20 ሜትሩ፣ 30 ዲግሪ ይሆናል፣ ያን ነብሮ አይቶ ያፈገፍጋል። ከፍ ያለ የምግብ ሳህን መቆሚያም ገዝተናል። አንገቱን አሳርፎለታል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ከፍ ያለ ሳህንን በትላልቅ ዝርያዎች ላይ ከሚከሰት የሆድ መነፋትና መጠምዘዝ ጋር ስላያያዘው፣ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግዛ።

ሽንት ላይ ግን ልቆይ፣ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ስለሆነ። ሽንት ያመለጠው ውሻ ሁሉ በዕድሜ ብቻ አይደለም ያመለጠው። ኢንፌክሽን፣ ኩላሊት፣ ስኳር፣ የሆርሞን በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚጠጣውን ውሃ ለኩ፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም ለነብሮ ከ3.4 ሊትር በላይ ከሆነ በሽታ አለ ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ውሃ ግን አትከልክሉት። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ውሻ ተኝታ ሳለ የሚያመልጣት ከሆነ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይስተካከላል። ዳይፐር የምትጠቀሙ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ቆዳውን አጥባችሁ አድርቁ፤ ሽንት የነካው ቆዳ ላይ ማንሻ ቀበቶ ሲጨመር በአንድ ቀን ይላጣል። እኛ ከዳይፐር ይልቅ የሚታጠብ ንጣፍ መኝታው ላይ ማድረጉንና ቀበቶውን ቶሎ አጥልቆ ደጅ ማድረሱን መርጠናል።

ቀበቶው ምንም የማይረዳበት ሰዓት ሌሊት ነው። ያረጀ ውሻ ሌሊት ተነስቶ ሲዞር፣ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲቀር፣ በሩ በተሳሳተው ወገን እንዲከፈትለት ሲጠብቅ፣ የአእምሮ እርጅና ሊሆን ይችላል። ሰሌጂሊን የሚባል መድኃኒት ለዚህ ይታዘዛል። ሕመምም ሌሊት ስለሚያስነሳ መጀመሪያ እሱ ይመረመራል። በእኛ ቤት የረዳው ኮሪደሩ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ማሳደርና የቤት ዕቃ ቦታ አለመቀየር ነው። ዓይኑም ሰማያዊ ጭጋግ ለብሷል፤ ሐኪሟ ሌንሱ በዕድሜ መደንደኑ እንጂ ሞራ አይደለም ስላለች ተረጋጋሁ፣ ይህኛው ዓይነት ብዙም አያሳውርም።

ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርንበትን አንድ ነገር ልጨምር። ቀበቶው ውሻን እስከ መጨረሻው ማቆም ይችላል፤ እግሩ ጨርሶ ቢከዳው እንኳ እጀታው ያቆመዋል። ይህ ያስፈራኛል። ስለቆመልኝ ብቻ ደህና ነው ብዬ እንዳልቀር፣ አሊስ ቪላሎቦስ የሚባሉ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ያዘጋጁትን መመዘኛ እንጠቀማለን። ሰባት ነገሮች ከ0 እስከ 10 ይሰጣቸዋል፣ በሁሉም 10 መልካሙ ነው፦ ሕመም፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ መልካም ቀኖች ከመጥፎዎቹ መብለጣቸው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው ተቀባይነት አለው ይባላል። ቀበቶው ከሰባቱ የሚረዳው አንዱን፣ እንቅስቃሴን ነው፤ ቢበዛ ንጽሕናን ይጨምር ይሆናል። የቀሩትን ከእሱ ከራሱ ነው የምናነበው። ባለቤቴ ለብቻው፣ እኔ ለብቻዬ እንሞላና እናስተያያለን፤ የሚለያየው ብዙ ጊዜ ደስታ ላይ ነው፣ እኔ ከፍ አድርጌ እሞላለሁ። እሱ ምክንያቱን ሲነግረኝ እሰማዋለሁ። እስካሁን ድምሩ ከ35 በደህና ይበልጣል፣ ነብሮም በር ሲንኳኳ ባይሰማም በወለሉ ንዝረት ያውቃል፣ ጭራውን ይቆላል።

ለማን አይሆንም? ለትናንሽ ውሾች አያስፈልግም፤ ደረትና ዳሌውን ደግፎ ማንሳት ይቀላል። ሲነኩት የሚናከስ፣ የሚያመው ውሻም ሕመሙ እስኪታገስ ባይለብሰው ይሻላል። ድንገት በአንድ ሌሊት ቆሞ መሄድ ላቃተው ውሻ ደግሞ ቀበቶ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈለገው፤ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ እየተወረወረ ከሆነ የውስጥ ጆሮ ሚዛን መዛባት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሲያዩት ቢያስደነግጥም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል።

የምትገዙ ልኩን ውሻው ቆሞ ሳለ ውሰዱ፣ መቆም ካልቻለ ሌላ ሰው ይደግፈው። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት የወገቡን ዙሪያ፣ ከትከሻው እስከ ጭራው ሥር ርዝመቱን ለኩ። በኪሎ ብቻ የተዘጋጀ የልክ ሠንጠረዥ አትመኑ፤ 34 ኪሎ የሚመዝን ረጅምና ቀጭን ውሻ አለ፣ አጭርና ደረተ ሰፊም አለ። ከለበሰ በኋላ ሁለት ጣት ከማሰሪያው ሥር መግባት አለበት። ሁለት የኋላ ክፍል መግዛት ከቻላችሁ ግዙ፤ አንዱ ሲታጠብና ጥላ ውስጥ ሲደርቅ አንዱን ይለብሳል።